ጊራ እንጂ ግራ አይደለም

ሆሳዕና፣ ግንቦት 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተወደዱ አክስቴ ለወይዘሮ ኤርጎጌ፣
ጆሃንስበርግ

ባሕር በማያግደው፣ በሽታም በማይዘጋው በጌታችን ፍቅር ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኛ ከነቤተሰቤ ደህና ነን። ቤተ ክርስቲያን በኮሮናው ምክንያት ስለተዘጋ በየቤታችን እየጸለይን ነው። ሽማግሌዎቹ በደርግ ጊዜም እንዲህ ነበርን እያሉ ወጣቱን ያጽናናሉ።

ዛሬ የምጽፍልዎ ለመልካም ነገር ነው። አጥቢያችን የተመሠረተችበትን በዓል ምክንያት አድርገን የቀደሙትን ሰዎች መዝሙር በአንድ መጽሐፍ ልናሳትም ነው። ከአዘጋጆቹ አንዱ እኔ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን በታሸገበት ዘመን አያቴ በቤታቸው ያወጡት መዝሙርም በሀዲይኛና በአማርኛ ይገባል። ወደ ጌታ የሄደው አባቴ ከእናቱ አፍ እየሰማ የጻፈውን ነው የተከተልነው። ከአያቴ ልጆች በሕይወት ያሉት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ ኮሚቴው ይሁንታዎን ይጠይቃል። መጀመሪያው በአማርኛ «ደጁ ቢታሸግም አንተ በቀኜ ነህ» ይላል።

ሌላው፣ በድፍረት አይቁጠሩብኝና፣ የሚኖሩት በአንድ የሂንዱ ካህን ጓሮ እንደሆነ፣ ሰውየውም በየማለዳው የጣዖት መዝሙር እንደሚያዜም ልጅዎ ማናሴ ነግሮኛል። እዚያው ከተማ፣ ሮዘተንቪል ሰፈር፣ የወንጌል እህቶች ሞልተዋል። አንድ ክፍል አይጠፋም። ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ ጌዴዎን ሀቢሶ


ሌኔዥያ፣ ሰኔ 8 ቀን 2012

ለልጄ ለጌዴዎን፤

ያሳደገህ አምላክ ያቁምህ፤ ልጆችህንም ከዚህ ሳል ይሰውርልህ። እኔ አለሁ። እዚህ ቀዝቃዛው ወር ገብቶ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ በረዶ ይጋገራል። ይህንን ወረቀት ማናሴ እሑድ ሱቁ ካለበት ከኦሬንጅ ፋርም ሲመጣ ፎቶ አንስቶ ይልክልሃል። እሱ በድምፅ ላኪው ይለኛል። እኔ ግን ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ የተማርኩትን ፊደል እስክጠግበው እጽፍበታለሁ።

መጀመሪያ ይህንን ስማ። ጀርባዬ ላይ ታዝለህ ሻሼን እየጎተትክ አንቺ ስትለኝ አድገህ፣ ዛሬ በወረቀት አንቱ አልከኝ። ሰውን አንቱ የሚሉት ሊያከብሩት ወይም ሊሸኙት ሲሆን ነው። የቱ እንደሆነ ገና አላወቅሁም።

ስለ ቤቱ፣ ወድጄ አልመረጥኩትም። ምራቴ ቤቱ ጠበበን ካለች ወዲህ ማናሴ ያገኘልኝ ክፍል ይህ ነው። የሮዘተንቪል እህቶችህ ጉባኤ ላይ እናታችን ይሉኛል። መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ፖሊስ ሰውን ከየደጁ ሲመልስ ግን አንዷም ደውላ በልተሻል ወይ አላለችኝም። የዚህ የጣዖት ቤት ሰዎች ምስርና ሩዝ በሽቦው አጥር ላይ ያቀብሉኛል። ይህንንም ለኮሚቴህ ንገር።

አሁን ስለ መዝሙሩ። በገባሁ ሰሞን ገና ጎህ ሳይቀድ ከግድግዳው ማዶ አንድ ሽማግሌ «አግኚ» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ «አግኚ» አለ። ማንን ነው ብዬ ጆሮዬን ብጥል ግቢው ውስጥ ከእኔ በቀር አማርኛ የሚሰማ ሴት የለም። ምን ላግኝ? ባሌን ቀብሬ፣ ልጄን ለሚስቱ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ምን እንዳገኝ ነው በሌሊት ልብሴ ሳለሁ የሚያዘኝ ብዬ ተናደድኩ። በማግስቱም «አግኚ»። ሳምንቱን ሙሉ «አግኚ»። በመጨረሻ ማስኬን አድርጌ አጥሩ ጋ ጠበቅኋቸው። በዚያች ስባሪ እንግሊዝኛዬ፣ ዙሉም እየቀላቀልኩ፣ ማለዳ ማለዳ የሚያዙኝ ምንድን ነው አልኳቸው። ፓንዲት ራምላካን ይባላሉ፤ ፓንዲት ማለት የተማረ ካህን ነው። መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው በእጃቸው አጥሩን ይዘው ሳቁ። አግኒ በሳንስክሪት፣ በጥንቱ የመቅደስ ቋንቋቸው፣ እሳት ማለት ነው። መዝሙሩ ቬዳ ይባላል፣ ከቬዳም የመጀመሪያው መዝሙር የመጀመሪያ ቃል እሳት ነው።

«አንቲ፣ አንቺን አይደለም ያዘዝኩት» አሉኝ። እዚህ ህንዶቹ ትልቅ ሴት ሁሉ አንቲ ነው የሚሉት፣ አክስት ለማለት። እኔ ደግሞ አንቺ ያሉኝ መስሎኝ በዚያም ስቆጣ ከርሜ ነበር።

ልዋሽህ አልችልም፣ ጌዴዎን፣ ያምራል። ጭብጨባ የለው፣ ኪቦርድ የለው፣ ማይክራፎን የለው። ልክ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ሦስት ድምፅ ብቻ ነው፤ በነዚያ ላይ አንድ ደካማ ሽማግሌ ጸንቶ ይቆማል። ትርጉሙን እየጠየቅኩ ነው። አንዱ ስለ ንጋት ነው፤ እሷ በየቀኑ ልጃገረድ ሆና ትመጣለች፣ እኛን ግን በመጣች ቁጥር ታስረጀናለች ይላል። ሌላው ዓለም ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃል። መልሱን የሚያውቅ ካለ ከሰማይ በላይ ያለው ያውቃል፣ ምናልባት እሱም አያውቅ እንደሆነ ብሎ ያበቃል። ይህንን ስሰማ ፈራሁ። ቆይቼ ግን፣ የማያውቀውን አላውቅም ብሎ የሚዘምር ሰው ምን ያህል እውነተኛ ነው አልኩ። እኛ ዘንድ ሰው የሚጮኸው የማያውቀውን ነው።

ይሁንታ ላልከው፣ አልሰጥም። «በቀኜ» የእናቴ ቃል አይደለም። ቃሏ ሌላ ነበር። ምን ነበር ካልከኝ ምላሴ ጫፍ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። ሕዝቡ ዘመኑን ሁሉ በቀኜ ሲል እኔም አብሬ በቀኜ እያልኩ አጠፋሁት። ጠብቀኝ።

አክስትህ ኤርጎጌ


ሆሳዕና፣ ሐምሌ 22 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፤

የጌታ ሰላም ከደጅዎ አይራቅ። ኢንተርኔት ተዘግቶ ስለነበር መልሴ ዘገየ፤ በክፉ አይዩብኝ።

አንቱ ያልኩዎ ደብዳቤያችን ለኮሚቴው ስለሚነበብ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ስለ ህንዱ መዝሙር የጻፉትን ግን አላነበብኩላቸውም።

«በቀኜ» የሚለውን ኮሚቴው ያገኘው ከድሮው የመዝሙር መጽሐፍ ነው። አባቴ በሀዲይኛው መካከል የጻፈው በአማርኛ «ግራ» የሚል ቃል ሆኖ ተገኘ፤ «አንተ ግራ ነህ» ይላል። እግዚአብሔር ግራ ነህ አይባልም። ስለዚህ መዝሙሩን ከዓመታት በፊት ያሳተሙት ወደ ቀኝ አቃኑት፣ እኛም በዚያው ቀጠልን። እርስዎ ሌላ ቃል የሚያውቁ ከሆነ ይጻፉልኝ። ማተሚያ ቤቱ ብዙ አይጠብቀንም፣ አንዴ ከታተመ ደግሞ ልጆቻችን የሚዘምሩት የታተመውን ነው። አባቴ ግን ከእናቱ እግር ሥር ተቀምጦ እንደጻፈው ያስታውሱልኝ።

ጌዴዎን


ሌኔዥያ፣ ነሐሴ 17 ቀን 2012

ልጄ ጌዴዎን፤

ጤና፣ ትዕግሥት፣ የሚሰማ ጆሮም ይስጥህ። ሦስተኛው ላንተ ያስፈልግሃል።

አግኝቼዋለሁ። እንዴት እንዳገኘሁት ሳልነግርህ ቃሉን ብነግርህ ስለማታምነኝ ቁጭ ብለህ አንብብ።

ፓንዲቱን በአጥሩ ላይ ጠየቅኋቸው። ይህ ሁሉ መዝሙር በየትኛው መጽሐፍ ነው ያለው አልኩ። ዛሬ መጽሐፍ አለው አሉኝ። እሳቸው ግን ከአያታቸው አፍ ነው የተቀበሉት፣ አያታቸውም ከአባታቸው፣ እንዲያ እያለ ዘመኑን ማንም ሊቆጥረው እስከማይችል ይወርዳል። ፊደል ከመጣላቸው በኋላ እንኳ መዝሙሩን ለፊደል አላስረከቡትም። ከወረቀት እያነበበ የሚያዜም ሰው እነሱ ዘንድ ከመጥፎ አዚያሚ ይቆጠራል። እኔ ፊደል የለሽም እየተባልኩ በአባቴ ቤት እንደ ምሰሶ የቆምኩ ሴት ይህንን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ላንተ አልገልጽም።

አያታቸው የሸንኮራ አገዳ ሊቆርጡ ከህንድ በመርከብ ወደዚህ አገር፣ ወደ ናታል፣ ሲመጡ፣ የመርከቡ ጸሐፊ ስማቸውን አበላሽቶ ጻፈው። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ የሚጠራው በተበላሸው ነው። «ስማችን በወረቀት መጣ፣ ተበላሸ። መዝሙሩ በአፍ መጣ፣ አልተበላሸም» አሉኝ ፓንዲቱ። እንደ ቀልድ ነው ያሉት። እኔ አልሳቅሁም፣ ወንድሜ ትዝ ብሎኝ።

ታዲያ አፍ አይረሳም ወይ አልኳቸው፤ የኔ ረስቷል። ያን ጊዜ የእናቴን ነገር ነገርኳቸው። አሠራራቸውን አሳዩኝ። ቃልን ብቻውን አይተዉትም። አንደኛውን ከሁለተኛው ጋር ይላሉ፣ ሁለተኛውን መልሰው ወደ አንደኛው፣ ደግሞ ወደፊት። ከዚያ ሁለተኛውን ከሦስተኛው ጋር፣ ወደ ኋላ፣ ወደፊት። ልክ እንደ ሹሩባ፤ ስሙም በቋንቋቸው ሹሩባ ነው። ከዚህም የባሰ የተወሳሰበ አለ። ልጅ ሆነው ዓመታት በዚህ ያልፋሉ። አንድ ቃል ቢወድቅ፣ አንድ ድምፅ ቢያጥር፣ ሹሩባው ወዲያው ይፈታና ሰው ሁሉ ያየዋል። ይህንን ያሰበው ሰው ማን ይሆን እያልኩ ሰነበትኩ። ሌላው ሕዝብ ሐውልት አቆመ፤ እነዚህ በልጆች ምላስ ላይ አቆሙት፣ ሐውልቱ ፈርሶ ይህ ቆመ።

«ወደፊት ስትይው የለመድሽው ይቀድምሻል። ወደ ኋላ በይው። ማንም ወደ ኋላ ዘምሮ አያውቅም» አሉኝ።

ልብስ ሳጥብ፣ ስጥ ሳሰጣ፣ የእናቴን መዝሙር ጥንድ ጥንድ እያደረግኩ ወደ ኋላ ማለት ጀመርኩ። ደጁ፣ ታሸገ። ታሸገ፣ ደጁ። «አንተ» ላይ ስደርስ ወደፊት በሄድኩ ቁጥር በቀኜ እየሮጠ ይገባል። ከ«ነህ» ተነሥቼ ወደ ኋላ ስመጣ ግን በቀኜ መንገዱን አያውቀውም። ነህ፣ ጊራ። ጊራ፣ አንተ።

ጊራ፣ ጌዴዎን። የእኛው የሀዲይኛው እሳት። ግራ አይደለም፣ ቀኝም አይደለም። «ደጁ ቢታሸግም አንተ እሳት ነህ» ነው ያለችው እናቴ። ፊደሉን እየው። ገ ጉ ጊ ብለህ ሦስተኛው ላይ ቁም። አባትህ ስድስተኛው ላይ ወረደ። አንዲት ትንሽ እግር ጎደለችውና እሳቱ ግራ ሆነ። የእናንተ ሰዎች ደግሞ ግራውን አርመው ቀኝ አደረጉት። የተሳሳተን ነገር እያረማችሁ ይኸው ስንት ዓመት ዘመራችሁ።

መጽሐፉ መጀመሪያ የታተመ ጊዜ ጉባኤ ላይ ሰምቼ፣ ይህ የእናታችን ቃል አይደለም ብዬው ነበር አባትህን። «ፊደል የማታውቂ ስለ ጽሑፍ ምን አገባሽ» አለኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገርኩም። ይኸው ነው።

ይሁንታዬን ለእሳቱ እሰጣለሁ።

ኤርጎጌ


ሆሳዕና፣ ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፤

በጸሎት አስበንዎታል። ብዙ የዘገየሁት ነገሩ ከብዶኝ ነው።

ደብዳቤዎን ለኮሚቴው አነበብኩት። ሰብሳቢያችን አቶ አቢሶ እስከ መጨረሻው ሰምተው ቀስ ብለው ጠየቁኝ። «ጎረቤቷ በየማለዳው ለማን ነው የሚዘምረው?» አሉኝ። ለእሳት አልኩ፣ ምን ልበል። «አክስትህስ ከእናቷ መዝሙር ምን አገኘች?» አሉ። እሱንም እሳት አልኩ። አንዱ ቀስ ብሎ ሳቀ፤ አቶ አቢሶ ገሠጹት። እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም። ሴትዮዋ አልዋሸችም፣ ጆሮዋ ነው የተቀየረው ነው ያሉት። እኔም በልቤ ይህንን አላሰብኩም ብል እዋሻለሁ።

ኮሚቴው ሁለት ነገር ወስኗል። ማተሚያው ለጊዜው ይጠብቃል። እርስዎ ደግሞ ከዚያ ቤት ከወጡ በኋላ ቃልዎ እንደገና ይሰማል።

ጌዴዎን


ሌኔዥያ፣ ጥር 2 ቀን 2013

ጌዴዎን፤

በሕይወት ካለህ ሰላም ለአንተ ይሁን። እዚህ ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ ነው። አሁን የመጣው ከመጀመሪያው ይከፋል። ማናሴ ሱቁን ዘግቶ በፍርግርጉ ቀዳዳ ብቻ ነው ዕቃ የሚሸጠው።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ልቀደው ነበር። ተሳደብኩ፤ እሱን እዚህ አልጽፍም። ከቤቱ አልወጣም። ሰው ካበላኝ ደጅ ለምስክርነት ብዬ አልወጣም።

ግን ልጄ፣ ከሳቀው ሰውዬ ይልቅ አቶ አቢሶ ያሉት አላስተኛኝም። እውነት ቢሆንስ? ዓመት ሊሞላኝ ነው በየማለዳው እሳት፣ እሳት ሲባል ስሰማ። ምናልባት የእናቴ ባዶ ቦታ ላይ የሽማግሌውን ቃል አስቀምጬ ይሆን? ለአንድ ሳምንት መዝሙሩን አፌ ላይ አላደረግኩትም። ካንተ ኮሚቴ በላይ ራሴን ፈራሁ።

ሄጄ ለፓንዲቱ እንዲህ ተባልኩ አልኳቸው። ይቀየማሉ ብዬ ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁና «ልክ ናቸው፣ እኔም ብሆን አላምንሽም» አሉ። እነሱ ዘንድ አንድ ሰው ብቻውን ትክክል ነኝ አይልም። ተገናኝተው ከማያውቁ ሰዎች አፍ ይሰማል፣ ከተስማማ ያን ጊዜ ይታመናል። «እኔን ሰምቶ የማያውቅ፣ አንቺም ያላስተማርሽው ሰው ፈልጊ» አሉኝ። ይህንን ካሉኝ በኋላ ብዙ አልቆዩም፣ ሳሉ ያዛቸው። አምቡላንስ የጠፈር ሰው የመሰሉ ሰዎች ይዞ መጥቶ ወሰዳቸው። ከግድግዳው ማዶ ምንም የለም። ዝምታው ከነበረው ድምፅ ይበልጥ ይቀሰቅሰኛል። ሂንዱ ናቸው ብለህ እንዳትተው፣ ጸልይላቸው።

አንድ ሰው አለች። ሌሞ ወረዳ፣ የድሮ ቤታችን አጥር ማዶ የነበረችው ነጂባ። ካለች ሂድና ጠይቃት። እስላም ናት፣ የናንተን መጽሐፍ ነክታ አታውቅም፣ ጉባኤ ገብታ በቀኜ ሲባል አልሰማችም። የሰማችው እናቴን ብቻ ነው። ግን እንዳትነግራት። ጊራ ወይስ ግራ ብለህ እንዳትጠይቃት፤ ያኔ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። የእናቴን መዝሙር ታስታውሺያለሽ ወይ ብለህ ዝም በል። አቶ አቢሶም አብረው ይሂዱ። ነጂባ ቀኝ ካለች እኔ ቀኝ ብዬ እሞታለሁ።

ኤርጎጌ


ሆሳዕና፣ የካቲት 19 ቀን 2013 ዓ.ም.

አክስቴ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ይህንን ደብዳቤ ማንም አያነብበውም፣ ላንቺ ብቻ ነው።

ሄድን። አቶ አቢሶን ብዙ ለመንኳቸው፤ የመጡት እኔን ለማሳፈር ይመስለኛል። እማማ ነጂባ በሕይወት አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ደጃፍ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር። ማስኬን አይተው «ምነው አፍህን አሰርከው፣ ተሳድበህ ነው?» አሉኝ። የሀቢሶ ልጅ ነኝ ስላቸው አባትህ ትዕቢተኛ ነበር፣ አክስትህ ግን ሰው ነበረች አሉ፣ አቶ አቢሶ እየሰሙ።

እንዳልሽኝ አደረግሁ። አያቴ ያወጡትን መዝሙር ያስታውሳሉ ወይ ብዬ ዝም አልኩ። «የእናንተ መዝሙር እኔ ዘንድ ምን ይሠራል?» አሉ። ባቄላቸውን ቀጠሉ። ቆየት ብለው ግን ካድሬዎቹ በመንገዱ ሲመጡ በአጥሩ በኩል የሚያስሉላቸው እሳቸው እንደነበሩ ነገሩን። እሳቸው ሲያስሉ እነአያቴ መዝሙሩን ያቆማሉ፣ ካድሬው ሲያልፍ ይቀጥላሉ። «ላስልላችሁ ስል እኮ ሁሉንም መስማት ነበረብኝ» አሉ።

ከዚያ ዘመሩት፣ አክስቴ። ራሳቸውን ሳያነሡ፣ ባቄላውን እየፈለፈሉ። ዜማው እኛ ከምንለው ይልቅ ዝቅ ያለ ነው፣ ሰው እንዳይሰማው እንደሚባል ነገር። ቃሉ ጋ ሲደርሱ «ጊራ» አሉ። አስረዝመው፣ ግልጽ አድርገው።

አቶ አቢሶ ድጋሚ እንዲሉት ለመኑ። ደገሙት። ጊራ። ታዲያ እዚህ ላይ እሳት ምን ማለት ነው ብለው ጠየቋቸው። እማማ ነጂባ ያን ጊዜ ቀና አሉ።

«ሀዲይኛ ረሳችሁ እንዴ? ጊራ ጊራ ነው። ከበው የሚሞቁ መስለው ነበር የሚዘምሩት። መንግሥት ቁልፉን ቤተ ክርስቲያናችሁ ላይ ሰቀለ። ምድጃ ላይ ማን ቁልፍ ይሰቅላል?»

ስንመለስ መንገዱ አጋማሽ ላይ አቶ አቢሶን ሲያንጎራጉሩ ሰማኋቸው፤ ቃሉ ጋ ሲደርሱ ቀኝ ሊሉ አፋቸው ሄደና ቆሙ። ከመጀመሪያው ጀመሩ። ከተማ እስክንገባ ይህንኑ አደረጉ። የመጽሐፉ ገጽ ለኅትመት እንደገና ተለቅሟል። እሳት ነው የሚለው።

አባቴ ተሳስቷል። ይህንን የጻፍኩልሽ ተጽፎ እንዲቀመጥ ብዬ ነው። ፓንዲቱንም ቤታችን በሚደረገው ጸሎት አስጠርቻቸዋለሁ፤ ስማቸውን ሰዎቹ በትክክል አልጠሩትም ይሆናል።

የቀረኝ አንድ ነው። መዝሙሩን አስተምሪኝ። በወረቀት አትላኪልኝ። ደውዪና በአፍሽ በዪው፣ እኔም እላለሁ፣ ስሳሳት መልሽኝ።

ልጅሽ ጌዴዎን


ሌኔዥያ፣ መጋቢት 9 ቀን 2013

ልጄ ጌዴዎን፤

ዕድሜህ ይርዘም። ለነጂባም ያንኑ ያህል። በሳሏ ነው የዳንነው፤ እኛ ግን በመጽሐፋችሁ ላይ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍንላትም። ጻፉላት።

እሑድ እደውልልሃለሁ። ወደፊት ብቻ አንልም፤ ወደ ኋላም እናስኬደዋለን፣ ይሰለችሃል። ለልጆችህም መጽሐፉን ሳትሰጣቸው በፊት አፋቸው ላይ አድርግላቸው።

ፓንዲቱ ተመልሰዋል። ከስተዋል፣ አየር ያጥራቸዋል፣ አንዱን መዝሙር ለመጨረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ያርፋሉ። ሲያርፉ ግን የተዉበትን ቃል አይረሱም፤ ከኋላው ካለው ጋር አጣምረው ያነሡታል። በዚህ ሁሉ ሳልና ኦክሲጅን ውስጥ አንድ ድምፅ እንኳ አልጎደለባቸውም። ይህንን የፈጠሩ ሰዎች ደረት እንደሚደክም ያውቁ ነበር መሰለኝ።

ነጂባ ያለችውን ነገርኳቸው። እስላም ናት ስል ሳቁ፣ ሳቁ ሳል ሆነባቸው። ከዚያ በይልኝ አሉኝ፣ የእናትሽን መዝሙር። በአጥሩ ላይ ሆኜ፣ ማስኬን ዝቅ አድርጌ አልኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሲያበቃ ቃሉን ብቻ መልሰው አሉት። «ጊራ» አሉ፤ «ጊ»ዋን እናቴ ታስረዝመው በነበረው ልክ አስረዝመው።

ሀዲይኛ አያውቁም። ሲጻፍ አላዩትም። አንድ ጊዜ ብቻ ሰሙት።

ኤርጎጌ